የአሸናፊ ስም ይደክማልን?
ስለ ናይኪ ጫማ ዝና በሬዲዮ የተደረገ ንግግር



ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትሄዱ በመንገድ የሚተላለፈውን ሕዝብ ከእግሩ በኩል ብትመለከቱት፥ አንድ ምልክት ደጋግሞ ዐይናችሁን ይይዘዋል። ይኸውም መምህር ትክክል በሆነ መልስ ላይ የሚያሰምረውን ጭረት የመሰለ፥ ከታች ጎበጥ ብሎ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚወጣ ምልክት ነው። ባለቤቱ ናይኪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ የከተማችን ወጣቶች ግን ስሙን አሳጥረው «ናይክ» ይሉታል። ልጆቻችሁ የጫማ ነገር ሲያነሡ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ስም ሳይጠሩት አይቀሩም። ከዋናው ኩባንያ የሚወጣው ጫማ ዋጋው ውድ በመሆኑ በመርካቶ አምሳያው ይሸጣል፤ አምሳያ የሚሠራለት ደግሞ ሰው የሚመኘው ዕቃ ብቻ ነው።

ይህን ያህል የተመኙት ስም አሁን ፍቅሩ በሰው ልብ እየቀዘቀዘ ሄደ የሚል ወሬ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዓለም ገበያ ይሰማል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ወሬው እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው። ነገሩ የጫማ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። ዳሩ ግን መልካም ስም እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚባክን የሚያሳይ ምሳሌ ስለ ሆነ፥ የሕዝብ አደራ ይዘው በየመሥሪያ ቤቱ ለሚያገለግሉ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ወሬውን ያስነሣውን ነገር እንይ። ጁን 28 ቀን 2024 የናይኪ የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን ከመቶ 20 እጅ ያህል ወደቀ። ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ ከጀመረበት ከ1980 ወዲህ ይህን የመሰለ ክፉ ቀን ገጥሞት አያውቅም። ሜይ 31 ቀን 2025 በተዘጋው የበጀት ዓመትም ጠቅላላ ሽያጩ ከቀደመው ዓመት 51.4 ቢሊዮን ዶላር ወደ 46.3 ቢሊዮን ዝቅ አለ፤ የተጣራ ትርፉም ከ5.7 ቢሊዮን ወደ 3.2 ቢሊዮን ወረደ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ከበስተኋላው የሚከተለው የጀርመኑ አዲዳስ በ2024 የሸጠው 23.7 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ስለዚህ ናይኪ ወደቀ ለማለት የሚደፍር ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ምንም አልሆነም የሚለውም እንዲሁ ተሳስቷል። በሽታው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ጤንነቱ ከምን እንደ መጣ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ናይኪ የሚለው ቃል በግሪክ ቋንቋ ድል ማለት ሲሆን፥ በጥንታውያን ግሪኮች ዘንድ የድል አምላክ ስም ነበር። እኛ ሁላችን የምናውቀው ኒቆዲሞስ የሚለው ስምም የተሠራው ከዚሁ ቃል ነው። ይህ ስም ለጫማው የተሰጠው በ1971 ነው፤ ሥራው የተጀመረው ግን ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በ1964 ነበር። ፊል ናይት የተባሉ ወጣት የሒሳብ ባለሙያና ቢል ባወርማን የተባሉ የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው አንድ አነስተኛ ንግድ አቋቋሙ። የራሳቸው ፋብሪካ አልነበራቸውም። በጃፓን አገር በኮቤ ከተማ የሚገኘው የኦኒትሱካ ኩባንያ የሚሠራውን ታይገር የተባለ የሩጫ ጫማ እያስመጡ፥ ሚስተር ናይት በመኪናቸው ጭነው የሩጫ ውድድር ወደሚደረግበት ሜዳ በመሄድ ለሯጮች ይሸጡ ነበር።

ይህ የጃፓን ኩባንያ ለኛም እንግዳ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ካስደነቀ በኋላ፥ በ1961 ለማራቶን ውድድር ወደ ጃፓን በሄደ ጊዜ የኩባንያው ባለቤት ሚስተር ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ራሳቸው ቀርበው ጫማቸውን እንዲያደርግ አግባቡት። አበበም ያን ጫማ አድርጎ ሮጠና አሸነፈ። ያለ ጫማ ያሸነፈውን ሰው ጫማ እንዲያደርግ ለማግባባት በአካል መሄድ የጫማ ዝና ከየት እንደሚገኝ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነጋዴ ሥራ ነው። ሚስተር ናይትና አሠልጣኙ ባወርማንም ሥራቸውን የጀመሩት በዚሁ መንገድ፥ ማለት ከሯጩ እግር ተነሥተው ነበር።

አሠልጣኙ የተማሪዎቻቸውን ጫማ በገዛ እጃቸው እየፈቱና እየሰፉ ያሻሽሉ ነበር። በ1971 በቤታቸው ማድ ቤት ባለ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ያሉትን የቂጣ መጋገሪያ ብረት ተመልክተው፥ በእርሱ ላይ የጎማ ፈሳሽ በማፍሰስ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ ቀላል ሶል ለመሥራት ሞከሩ። ከዚህ ሙከራ የተገኘው ጫማ በሯጮች ዘንድ ስመ ጥር ሆነ። በዚያው ዓመት ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች የሥዕል ተማሪ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ምልክት ነድፋ 35 ዶላር ተከፈላት፤ ኩባንያው ከበለጸገ በኋላ በ1983 አክሲዮን ሰጥቶ ክሷታል።

እንግዲህ አስተውሉ። ምልክቱ ሲነደፍ የወጣበት ገንዘብ 35 ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዋጋው ሁሉ በኋላ በሌሎች ሰዎች ድካም የተጨመረለት ነው። ሯጩ ተጫምቶት ሲሮጥ አላሳፈረውም፤ ባለ ሱቁ ለደንበኛው መሰከረለት፤ በ1984 ማይክል ጆርዳን የተባለው ወጣት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስሙን ሰጠው፤ በእርሱ ስም የተጠራውም ጫማ በ1985 ወጥቶ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ስለዚህ የአንድ ስም ዝና ብዙ ሰዎች ያስቀመጡት የአደራ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ባለ አደራው እየጨመረበት ከሄደ ይበረክታል፤ እየቀነሰ ብቻ ከበላው ግን የሚያልቅበት ቀን ይመጣል።

ኩባንያው ሲንገዳገድ የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የአሜሪካ ሴቶች ኤሮቢክስ የሚባለውን በሙዚቃ የሚሠራ የአካል እንቅስቃሴ ሲወዱ፥ ናይኪ ነገሩን በጊዜው ሳያስተውለው ቀረ። ሪቦክ የተባለው ተወዳዳሪው ግን ለዚሁ የሚስማማ ለስላሳ የሴቶች ጫማ አቅርቦ ስለ ነበር በሽያጭ ቀደመው። ናይኪ መልሶ የተነሣው በ1987 ኤር ማክስ የተባለውን፥ በሶሉ ውስጥ ያለው አየር በመስኮት የሚታይ አዲስ ጫማ ካወጣ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ጫማውና ልብሱ በሚሠሩባቸው የእስያ ፋብሪካዎች የሠራተኞች ደመወዝ እጅግ ዝቅተኛ፥ አያያዙም የከፋ መሆኑ ተገልጦ ብዙ ነቀፌታ ደረሰበት። በሜይ ወር 1998 ሚስተር ናይት በዋሽንግተን በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው፥ የኩባንያው ስም ከባርነት ደመወዝና ከግዴታ የትርፍ ሰዓት ሥራ ጋር አብሮ የሚጠራ መሆኑን አምነው፥ በጫማ ፋብሪካዎቹ የሚቀጠር ሠራተኛ ዕድሜው ከ18 ዓመት እንዳያንስ እንደሚደረግ አስታወቁ። የፋብሪካ ሠራተኛው ችግር በዚያ ቀን ተፈጸመ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ነቀፌታውን መካዱ ስሙን እንደማያድነው ኩባንያው ተረድቶ ነበር።

ከወደቁበት ያልተነሡም አሉ። ኮንቨርስ የተባለው ኩባንያ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተወዳዳሪ አልነበረውም። ዳሩ ግን ጫማውን ሳያድስ በቀድሞ ክብሩ ሲኖር ሌሎች አልፈውት ሄዱና በ2001 ከሠረ፤ በ2003 ናይኪ ራሱ በ305 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገዛው። ኤሮቢክስን አስታኮ ናይኪን የቀደመው ሪቦክም በኋላ በአዲዳስ እጅ ገብቶ ከዚያም ለሌላ ባለ ገንዘብ ተሸጧል። ስለዚህ ታላቅ ስም ለዘለዓለም አይወድቅም ብሎ መተማመን በዚህ ንግድ ታሪክ ውስጥ ምስክር የለውም።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ናይኪ ከ2017 ጀምሮ በቸርቻሪ ሱቆች በኩል መሸጡን እየቀነሰ፥ በራሱ መደብርና በኢንተርኔት አማካይነት በቀጥታ ለገዢው መሸጡን ዋና መንገዱ አደረገ። በጃንዋሪ 2020 የሥራ አስኪያጅነቱን ሥልጣን የያዙትና ቀደም ሲል ኢቤይ የተባለውን የኢንተርኔት ገበያ የመሩት ሚስተር ጆን ዶናሆ ይህን መንገድ አጠነከሩት። በወረቀት ላይ ሲሰላ ትክክል ይመስላል፤ ቸርቻሪው የሚያገኘው ትርፍ ለኩባንያው ይቀራልና። ስለዚህ ከብዙ ሱቆች ጋር የነበረው ውል ተቋረጠ። በዚያው በ2020 የኩባንያው የሥራ አከፋፈል ተለወጠ፤ ቀድሞ በሩጫ፥ በቅርጫት ኳስ፥ በእግር ኳስ እየተለየ ይመራ የነበረው ሥራ በወንዶች፥ በሴቶችና በልጆች ተከፈለ።

ወዲያው የኮቪድ ወረርሽኝ መጣና ሰው ሁሉ በቤቱ ተቀምጦ በስልኩ መግዛት ጀመረ። ሽያጩ አደገ፤ በኖቬምበር 2021 አንዱ አክሲዮን ከ170 ዶላር በላይ አወጣ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ ጉዳቱ በሥር ሲሠራ ላይኛው ገጽ ትርፍ ብቻ ያሳይ ነበር። ጉዳቱም ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ከባለ ሱቁ ጋር የተያያዘ ነው። ናይኪ ትቶት የሄደው መደርደሪያ ባዶ ሆኖ አልቀረም። በ2009 በፈረንሳይ የተመሠረተው ሆካና በ2010 በስዊዘርላንድ የተቋቋመው ኦን ቦታውን ከያዙት መካከል ናቸው። የጫማ ሻጭ ደግሞ ዕቃ ከማቀበል ሌላ ሥራ አለው፤ የደንበኛውን እግር ያያል፥ ቅሬታውን ይሰማል፥ ይህ ይስማማሃል ብሎ ይመክራል። ኩባንያው ቸርቻሪውን ሲያሰናብት ትርፉን አገኘ፤ ምክሩንና ምስክርነቱን ግን ለተወዳዳሪዎቹ አስረከበ።

ሁለተኛው በሙያ ላይ የደረሰ ነው። ሥራው በጾታና በዕድሜ ሲከፋፈል፥ ስለ ሩጫ ብቻ ሲያስቡ የኖሩ ሰዎች ተበታተኑ፤ ለዕለት ሯጩ የሚሆነው ጫማ አሳቢ አጣ።

ሦስተኛው ከብዛት የመጣ ነው። ኩባንያው አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ በ1982 የወጣውን ኤር ፎርስ 1፥ በ1985 የወጡትን ዳንክና የጆርዳን የመጀመሪያ ጫማ በልዩ ልዩ ቀለም እያወጣ ገበያውን አጥለቀለቀው። እነዚህን ጫማዎች ተወዳጅ ያደረጋቸው አንዱ ነገር በቀላሉ አለመገኘታቸው ነበር። ለዓመት በዓል የሚለበስ ጥበብ በየቀኑ ቢለበስ የበዓል ልብስነቱ እንደሚቀር ሁሉ፥ በየሱቁ የተከመረና በቅናሽ የሚሸጥ ጫማም የሚያስመካ መሆኑ ይቀራል።

የሩጫውን ነገር ካነሣን፥ ለኛ አገር ቅርብ የሆነ ምስክር አለ። ናይኪ በ2017 በሶሉ ውስጥ የካርቦን ንጣፍ ያለበትን ቬፐርፍላይ የተባለ ጫማ ለገበያ በማቅረብ የረጅም ርቀት ሩጫን ለውጦ ነበር። በዚያው ዓመት በጣሊያን በሞንዛ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለመሮጥ ባሰናዳው ሙከራ የተሳተፉት ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ፥ ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰና የኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 በበርሊን ትዕግሥት አሰፋ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ስታሻሽል በእግሯ የነበረው የአዲዳስ ጫማ ነው፤ የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም፥ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ሁለት ደቂቃ በሚበልጥ ልዩነት የተሰበረው የቀድሞው ክብረ ወሰን የተመዘገበው በናይኪ ጫማ ነበር። ለረጅም ዘመን የናይኪን ጫማ ያደረገው ቀነኒሳ በቀለም በ2024 በለንደን ማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ ያደረገው አንታ የተባለውን የቻይና ጫማ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ እውነቱን መደበቅ አይገባም። ከትዕግሥት ድል ልክ ሁለት ሳምንት በኋላ፥ ጥቂት ወራት ቆይቶ በመኪና አደጋ ያረፈው ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕቱም በቺካጎ የወንዶችን ክብረ ወሰን በ2 ሰዓት ከ35 ሴኮንድ ያሻሻለው በናይኪ ጫማ ነው። በማርች 2024 ደግሞ የጀርመን የእግር ኳስ ማኅበር ከ70 ዓመት በላይ የቆየውን የአዲዳስ ግንኙነት ትቶ ከ2027 ጀምሮ የናይኪን ልብስ እንደሚለብስ አስታውቋል። ስለዚህ ዕውቀቱም ገንዘቡም ከኩባንያው ቤት አልወጡም።

ታዲያ ለጥያቄያችን መልሱ ምንድን ነው? በበኩሌ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ሰው ናይኪን አልጠላውም፥ ነገር ግን ሳያስብ መምረጡን ትቷል። ቀድሞ ገዢው ወደ ሱቅ ሲገባ ምርጫው በልቡ ያለቀ ነበር፤ የሚጠይቀው ቀለሙንና ቁጥሩን ብቻ ነበር። አሁን ግን ቆም ብሎ ሌላውንም ይሞክራል። ለአንድ ታላቅ ስም ከዚህ የከበደ ኪሳራ የለም፤ አንድ ጊዜ ማነጻጸር የጀመረ ደንበኛ ዐይኑን መልሶ አይጨፍንምና።

ኩባንያውም ይህን የተረዳ ይመስላል። በ1988 በተለማማጅነት ገብተው 32 ዓመት ካገለገሉ በኋላ በ2020 ጡረታ የወጡትን ሚስተር ኤሊየት ሂልን ከጡረታ ጠርቶ፥ በኦክቶበር 2024 ሥራ አስኪያጅ አደረጋቸው። እሳቸውም ሥራውን እንደገና በስፖርት ዓይነት ከፋፈሉ፤ ከቸርቻሪዎች ጋር ታረቁ፤ ገበያውን ያጥለቀለቁትን አሮጌ ጫማዎች ቀነሱ። መድኀኒቱ ቶሎ የሚሽር አይደለም። በኦገስት 2025 መጨረሻ በተዘጋው ሩብ ዓመት ጠቅላላ ሽያጩ ያደገው ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሩጫው ክፍል ከመቶ 20 እጅ በላይ አደገ፤ በቸርቻሪ በኩል የሚሸጠው ሲጨምር፥ በቀጥታ የሚሸጠው ቀነሰ። በአንጻሩ የኮንቨርስ ሽያጭ ከመቶ 27 እጅ ወርዷል። የተሻለው ኩባንያው ወደ እግሩ ዝቅ ብሎ የተመለከተበት ክፍል መሆኑን ልብ በሉ።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ታሪክ ከጠረጴዛችን እጅግ የራቀ መስሎ ቢታይም ቅርብ ነው። መሥሪያ ቤትም እንደ ጫማው ስም አለው፤ ያን ስም ከኛ በፊት የሠሩ ሰዎች በቅን አገልግሎት አስቀምጠውልናል። በመስኮቱ በኩል ባለ ጉዳይን የሚቀበለው ጸሓፊ፥ ፋይል የሚያወጣው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፥ በር ላይ ቆሞ አቅጣጫ የሚያሳየው ዘበኛ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩለት ሥራ ባለ ሱቁ ለናይኪ ይሠራ የነበረውን ነው፤ የሕዝቡን ቅሬታ አስቀድመው የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። እነርሱን የማይሰማ አለቃ የሚያነበው ሪፖርት ለጊዜው ያማረ ይሆናል፤ የናይኪም ሪፖርት በ2021 እጅግ ያማረ ነበር። የሙያ ሰዎችን ከለመዱት ሥራ አንሥቶ መበታተን፥ የትናንቱን ምስጋና ዛሬም ደጋግሞ ማውጣት፥ አዲስ ሥራ ሳይሠሩ በአሮጌው መመካት፥ እነዚህ ሁሉ በቢሮም ያጋጥማሉ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የተቀየመ ገዢ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፥ የተቀየመ ባለ ጉዳይ ግን የሚሄድበት ሌላ መሥሪያ ቤት የለውም። ስለዚህ የኛ ኪሳራ በአክሲዮን ገበያ ሳይታይ ለብዙ ዘመን ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለውም ኪሳራ የባሰ ነው።

በቤታችሁ ደግሞ ልጃችሁ ያንን ምልክት ሲለምን፥ በቁጣ ከመመለስ ይልቅ የዚህን ጭረት ታሪክ ንገሩት። ወደ ሱቅ ስትወስዱትም እግር ውሎ ሲያብጥ፥ ከሰዓት በኋላ ውሰዱት፤ ጫማውን አድርጎ ጥቂት እንዲራመድ አድርጉ፤ ሶሉን አጠፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ጣቶቹ እንዳይጨነቁ እዩ። የሚስማማው ጫማ ምልክቱ ያለበት ቢሆን መልካም፥ ባይሆንም መልካም። ከወር ደመወዝ የሚወጣ ገንዘብ ለእግር እንጂ ለጭረት መከፈል የለበትም።

አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለዋል። እውነት ነው፤ የሞተ ሰው ስም በሠራው ሥራ ታትሞ ይኖራል። ገና በሕይወት ያለና በየቀኑ ሰው የሚያገለግል ስም ግን በትናንት ሥራ ብቻ አይውልም፤ ጠዋት ጠዋት እንደገና መሠራት አለበት።